ጠብታው ሲዘገይ ክላምፑን ከመንካትሽ በፊት ክንዱን እዪ

ጥያቄሽን ላሳጥረው። አዲስ ነርስ ነሽ፤ የምትሠሪው ፓምፕ በሌለበት ክፍል ነው። አንድ ሊትር ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) በ8 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ ይታዘዛል። ጠብታውን በደቂቃ 42 አድርገሽ ትሄጃለሽ። ግማሽ ሰዓት ቆይተሽ ስትመለሺ 20 ሆኖ ወይም ጭራሽ ቆሞ ታገኚዋለሽ። ሌላ ቀን ደግሞ ከረጢቱ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ባዶ ሆኖ፣ ደም በቱቦው ወደ ላይ መጥቶ ይጠብቅሻል። ኃላፊሽ «ሳትቆጥሪ ነው የሄድሽው» ትልሻለች። አንቺ ደግሞ «ቆጥሬያለሁ፣ ታዲያ ምን አጠፋሁ?» ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ አምንሻለሁ። ቆጥረሻል። ስሌትሽም ልክ ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ነው ተብሎ፣ 1000 ሚሊ ሊትር ሲባዛ በ20 ጠብታ፣ ሲካፈል ለ480 ደቂቃ፣ 42 ይመጣል። ያጠፋሽው ነገር ካለ 42 አድርገሽ የተውሽው ጠብታ 42 ሆኖ ይቆያል ብለሽ ማመንሽ ነው። አይቆይም። ማንም ቆጥሮት አይቆይም፤ ኃላፊሽም ብትቆጥረው አይቆይም።

ለምን እንደሆነ ከገባሽ ግማሹ ጭንቀትሽ ይለቅሻል።

ፓምፕ ከሌለ ፍሉይዱን ወደ ደም ስር የሚገፋው ከፍታ ብቻ ነው። ከረጢቱ ከክንዱ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ግፊቱ ወደ 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነው። ትንሽ ናት። አሁን በሽተኛው ተኝቶ ነበር እንበል፤ አንቺ ቆጥረሽ ስትወጪ ተነስቶ ቁጭ አለ። ስታንዱ አልተነሳም፣ ክንዱ ግን 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ከ74ቱ ውስጥ 22 የሚያህለው ጠፋ። ማንም ክላምፑን፣ ቱቦውን ጨምቆ ጠብታውን የሚቆጣጠረውን፣ አልነካም፤ ጠብታው ግን ቀነሰ። የደም ግፊት ሲለካ ደግሞ መለኪያው በዚያው ክንድ ላይ ከታሰረ፣ ሲነፋ ከ120 በላይ ስለሚደርስ 74ቱን በቀላሉ ያሸንፈዋል። ፍሉይዱ ይቆማል፣ ደም ወደ ቱቦው ይመለሳል፤ ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ ደግሞ ካኑላው (ደም ስር ውስጥ የገባችው ቀጭን ቱቦ) ጫፍ ላይ ይረጋል። ለዚህ ነው ግፊት በሌላኛው ክንድ ለኩ የሚባለው። ከረጢቱ እየጎደለ ሲሄድም በውስጡ ያለው ፍሉይድ ከፍታው ስለሚወርድ ጠብታው ቀስ እያለ ይሄዳል።

ክላምፑ ራሱም ያታልላል። ቱቦው ፕላስቲክ ነው። ጨምቀሽው ስትሄጂ እዚያው ተጨምቆ አይቀርም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅርፁን ቀስ በቀስ ይቀይራል፣ ጠብታውም አብሮ ይቀየራል። ስለዚህ አዲስ ከሰቀልሽ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ተመልሰሽ እንደገና መቁጠር የሥራው አካል ነው። የመጀመሪያው ቆጠራ ግምት ነው፣ ሁለተኛው ነው ቆጠራ። አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ሰዓት የተጨመቀ ቱቦ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ አልታዘዝ ይላል። ክላምፑን ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንሸራትቺውና አዲስ ቦታ ላይ አስተካክዪ። ቀላል ነገር ናት፣ ግን ብዙ ሰው አያውቃትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጠብታው ዘግይቶ ስታገኚው እጅሽ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው? ወደ ክላምፑ። የሁላችንም እጅ ወደዚያ ነው የሚሄደው። እኔንም ሊያዋርደኝ የነበረው ይሄ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት አዳር ነበርኩ። ልባቸው የደከመ አንድ አባት ነበሩ። ፍሉይዳቸው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው የታዘዘው። እኩለ ሌሊት ላይ ሳያቸው ጠብታው ሊቆም ምንም አልቀረውም፤ ክንዳቸውን አጥፈው ከጉንጫቸው ሥር አድርገው ተኝተዋል። ካኑላው ያለው ክርናቸው መታጠፊያ ላይ ነው። እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ክላምፑን ከፈትኩት። ትንሽ ጨመረ። ሌላም ከፈትኩት። ቁጥሩ መጣልኝ፤ ደስ ብሎኝ ወደ ሌላ በሽተኛ ሄድኩ። እሳቸው በእንቅልፍ ልባቸው ተገላብጠው ክንዳቸውን ዘረጉት። ስመለስ ግማሽ ሊትሩ ገብቷል፤ እሳቸው ደግሞ ቁጭ ብለው ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ዘጋሁት፣ ኦክስጅን ሰጠኋቸው፣ ተረኛውን ሐኪም ጠራሁ፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮሴማይድ ተሰጣቸው። ተረፉ። ጠዋት ላይ «ልጄ ሌሊት ምን ሆኜ ነበር?» ሲሉኝ የነበረኝን ፊት እስካሁን አልረሳውም።

ነገሩ ገባሽ? የታጠፈ ክርን እንደ ሁለተኛ ክላምፕ ነው። አንዱን ክላምፕ ለማሸነፍ ሌላውን ከከፈትሽ፣ የመጀመሪያው በራሱ ጊዜ ሲለቅ የሚያቆመው የለም። ጠብታውን የዘጋውን ነገር ሳታገኚ ክላምፕ አትክፈቺ።

ስለዚህ ከታች ወደ ላይ ነው የምትሄጂው። መጀመሪያ ክንዱ። ልብስ ወይም ብርድ ልብስ ከሸፈነው ግለጪው፤ በብርድ ልብስ ላይ የሚደረግ ምርመራ የለም። ታጥፏል? ፕላስተሩ ጠብቆ አስሮታል? ካኑላው ከቆዳው ሥር ወጥቶ ታጥፏል? ከዚያ ቱቦውን በእጅሽ እየዳሰስሽ ወደ ላይ ሂጂ። በሽተኛው ተኝቶበት ይሆናል፣ የአልጋው ሐዲድ ጨፍልቆት ይሆናል፣ መሃል ላይ ያለች ትንሽ ክላምፕ ተዘግታ ይሆናል። ከዚያ ቻምበሩ (ጠብታው የሚወርድበት)፣ ከዚያ ከረጢቱ፣ ከዚያ ከፍታው። ሁሉም ደህና ከሆነ ብቻ ክላምፑ ላይ ትደርሻለሽ። ይሄ ሁሉ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«ካኑላው ቀጭን ስለሆነ ነው» የምትለዋን ምክንያት ብዙ ጊዜ እሰማታለሁ። ቁጥሩን እንየው። ሰማያዊው 22 ቁጥር ካኑላ ክፍት ሆኖ ሲለካ በደቂቃ ወደ 36 ሚሊ ሊትር ያሳልፋል፣ ሮዙ 20 ቁጥር ወደ 60፣ አረንጓዴው 18 ቁጥር ወደ 90 እና ከዚያ በላይ። እንደ አምራቹ ትንሽ ይለያያል። አንቺ የምትፈልጊው በሰዓት 125 ሚሊ ሊትር ነው፤ በደቂቃ ሁለት ብቻ። ሰማያዊው ከበቂ በላይ ነው። ውፍረቱ ወሳኝ የሚሆነው ደም የሚፈስሰው ወይም ሾክ ውስጥ ያለ ሰው ላይ ነው። እዚያ ላይ የቧንቧው ስፋት ትንሽ ሲቀየር ፍሰቱ እጅግ ይቀየራል፤ ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ ፍሰቱ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይሆናል። ለዚያ ነው አጭርና ወፍራም የሚመረጠው። ለተራ የጥገና ፍሉይድ ግን ትልቅ ካኑላ በትንሽ ደም ስር ውስጥ ማስገባት ደም ስሩን ከመፋቅ ውጪ ጥቅም የለውም። የቦታ ምርጫ ከውፍረት ይበልጥብሻል። ምርጫ ካለሽ ከክርን በታች ያለው የክንድ ክፍል ላይ አድርጊው፤ መታጠፊያ የለውም፣ በሽተኛውም እጁን ይገለገልበታል። የክርን መታጠፊያ ደም ስሩ ወፍራምና የሚታይ ስለሆነ ያማልላል። ለአስቸኳይ ጊዜ ጥሩ ነው፣ ለአዳር ግን መከራ ነው።

አሁን በጣም የምፈራው ምክንያት። ጠብታው የቀነሰው ካኑላው ከደም ስሩ ወጥቶ ፍሉይዱ ሥጋ ውስጥ እየገባ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እብጠት፣ የቆዳ መወጠር፣ መቀዝቀዝ፣ መንጣት፣ ፕላስተሩ ሥር እርጥበት። ሁለቱን ክንዶች ጎን ለጎን አድርገሽ አወዳድሪ፤ አንዱን ብቻ አይተሽ እብጠት ያመልጥሻል። አዛውንቶች ላይ ቆዳው ልል ስለሆነ ውሃው ካኑላው አካባቢ ሳይታይ ወደ ታች ወርዶ ክንዱ ሥር ይጠራቀማል። ከሥር በኩልም ዳስሺ።

ከረጢቱን ዝቅ አድርጎ ደም ከተመለሰ «ውስጥ ነው» ብሎ መደምደም የቆየ ልማድ ነው። ሙሉ በሙሉ አትተማመኚበት። የካኑላው ጫፍ ግማሹ ደም ስር ውስጥ ግማሹ ውጪ ሆኖ ደም ሊመልስልሽ ይችላል፤ ደህናው ካኑላም የደም ስሩን ግድግዳ ተደግፎ ደም ላይመልስ ይችላል። እኔ የምወደው ሌላ ነው። ከካኑላው ጫፍ በላይ፣ ወደ ትከሻ በኩል፣ ደም ስሩን በጣትሽ ጫን በዪው። ፍሉይዱ ደም ስር ውስጥ ከሆነ ጠብታው ይቀንሳል ወይም ይቆማል። እንዳለ ከቀጠለ ሌላ ቦታ እየሄደ ነው ማለት ነው። እብጠትና ሕመም ካለ ግን ይህንንም ፈተና አትጠብቂ፤ አቁሚው።

ተራ ሳላይን ከሆነ አቁመሽ ነቅለሽ ክንዱን ከፍ ታደርጊለታለሽ፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይመጠጣል። ኖርአድሬናሊን፣ ካልሲየም፣ 50 በመቶ ዴክስትሮዝ ወይም የካንሰር መድኃኒት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሥጋ ይገድላሉ። ወዲያው አቁሚ፣ ካኑላውን ግን ቶሎ አትንቀዪ። መጀመሪያ በሲሪንጅ የቻልሽውን ያህል በዚያው ሳቢ፣ የእብጠቱን ዳርቻ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጊ፣ ሐኪም ጥሪ። ሙቅ ወይስ ቀዝቃዛ ጨርቅ የሚለው እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ ለቪንክሪስቲን ሙቅ ነው፣ ለዶክሶሩቢሲን ቀዝቃዛ። በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

እግረ መንገዴን፣ «ፓምፕ ቢኖረኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር» ብለሻል። ቁጥሩን ይጠብቅልሻል፣ እውነት ነው። ግን የፓምፑ ደወል የሚጮኸው መንገድ ሲዘጋበት ነው። ሥጋ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገፋ ነገር ስለማያጋጥመው ዝም ብሎ መግፋቱን ይቀጥላል። ፓምፕ ላይ ያለ ክንድም ይታያል።

ዘግይቶ አብሮ ሕመም፣ ሙቀት፣ ደም ስሩን ተከትሎ የሚሄድ ቀይ መስመር ካለ ደግሞ ደም ስሩ ተቆጥቷል፤ ፍሌባይቲስ ነው። ይነቀላል፣ ክርክር የለውም። እዚህ ላይ «በየሦስት ቀኑ ቀይሩ» የሚለውን ሕግ ሳታነሺ አትቀሪም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ነበር። 3283 በሽተኞችን ለሁለት ከፍለው፣ ለግማሾቹ በተወሰነ ቀን፣ ለግማሾቹ ምልክት ሲታይ ብቻ ካኑላ ቀየሩ። ፍሌባይቲስ በሁለቱም 7 በመቶ ነበር። ደህና ካኑላን በቀን ቆጠራ ብቻ መንቀል ብዙም አይጠቅምም ማለት ነው። ግን ልብ በዪ፤ «ምልክት ሲታይ» የሚለው የሚሠራው የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። የተቋምሽ መመሪያ ቀን ካስቀመጠ ደግሞ መመሪያውን ተከተዪ።

የተዘጋ ካኑላ ካጋጠመሽ በሲሪንጅ ኃይል አትግፊው። ትንሽ ሲሪንጅ ትንሽ ስለሆነ የዋህ ይመስላል፤ በተቃራኒው ከፍተኛ ግፊት የሚፈጥረው እሱ ነው። ለፍላሽ (ካኑላውን ለማጠብ) 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚመረጠው ለዚህ ነው። በለስላሳ ግፊት ካልሄደ ካኑላው አልቆለታል። ሌላ ፈልጊ።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታሽ እንሂድ፤ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ባዶ የሚሆነው። በጣም የምጠረጥረው አይቪ ሴቱን፣ ከከረጢቱ እስከ ካኑላው ያለውን ቱቦ፣ ነው። ማሸጊያው ላይ ስንት ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር እንደሚሆን ተጽፏል፤ 10፣ 15፣ 20 ወይም 60። አንቺ ያሰላሽው በ20 ነው። የዚያን ቀን ከመጋዘን የመጣው ባለ 15 ከነበረ፣ በደቂቃ 42 ጠብታ ማለት በሰዓት 168 ሚሊ ሊትር ነው። ሊትሩ ስድስት ሰዓት እንኳን አይሞላውም። ሁለት ሰዓት ቀደመ ያልሽው በትክክል ይሄ ነው! እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ ግን ነገ ማሸጊያውን ሳትጥዪ አንብቢው። ባለ 60ው ደግሞ ይመቻል፤ በደቂቃ የምትቆጥሪው ጠብታና በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትር አንድ ቁጥር ነው።

አይቪ ሴቱ ልክ ከሆነ ሰው ነክቶታል። ራሱ በሽተኛው «ቶሎ ይለቅና ልሂድ» ብሎ፣ ወይም አስታማሚ «ግሉኮሱ ቶሎ ቢገባለት ይበረታል» ብላ። ተቆጥተሽ ችግሩን አትፈቺውም። እኔ አንድ ሊትር ባለ 5 በመቶ ዴክስትሮዝ 50 ግራም ስኳር ብቻ እንዳለው፣ 200 ካሎሪ እንኳን እንደማይሞላ እነግራቸዋለሁ። ምግብ አይደለም። ጥማትን እንጂ ረሃብን አያስታግስም ስላቸው ይስቃሉ፣ ክላምፑንም ይተዉታል።

ዘግይቶብሽ ካገኘሽው ደግሞ ለማካካስ አትሩጪ። አራት ሰዓት አልፎ 300 ብቻ ገብቷል እንበል። 700 ቀርቷል፣ አራት ሰዓት ቀርቷል። በሰዓት 175 ይመጣል፤ ከታዘዘው 125 በ40 በመቶ ይበልጣል። ብዙ የነርሲንግ መማሪያዎች ከ25 በመቶ በላይ ሳታማክሩ አትጨምሩ ይላሉ፤ እዚህ ላይ ከ156 አይዘልም። ስለዚህ ሐኪሙን ትጠይቂያለሽ። ልብ፣ ኩላሊት፣ ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ 25ቱንም ሳትጠይቂ አትጨምሪ። ከረጢቱ ውስጥ ፖታሲየም ካለ ማካካስ የሚባል ቃል የለም። በብዙ ቦታ የልብ ሞኒተር በሌለበት በሰዓት ከ10 ሚሊ ሞል አይበልጥም፤ ከዚያ ሲያልፍ ልብ ሊቆም ይችላል። የዘገየ ፖታሲየም የዘገየ ነው፤ በቃ።

መዘግየትንም ቀላል አድርገሽ እንዳታዪው። እ.ኤ.አ. በ1832 ቶማስ ላታ የሚባል በስኮትላንድ የሊዝ (Leith) ከተማ ሐኪም ኮሌራ ያደረቃትን አንዲት አሮጊት የጨው ውሃ በደም ስር ሰጣት። በግማሽ ሰዓት 3 ሊትር አካባቢ። ሊሞት የነበረ ፊት ቀላ፣ ድምፅ ተመለሰ። ድናለች ብሎ ለሆስፒታሉ ሐኪም ትቷት ሄደ። ተቅማጡ ተመለሰ፣ ፍሉይዱ ግን አልተደገመም፤ ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሞተች። ይህንን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ከሄደ በኋላ ያሉት ሰዓታት ናቸው የሚያሳስቡኝ።

ባዶው ከረጢትና ደሙ ቀረ። ፍሉይዱ ሲያልቅ አየር ዘልሎ ደም ስር ውስጥ ይገባል ብለሽ ፈርተሻል። ክንዱ ከልብ ከፍታ በላይ ካልሆነ በክንድ ካኑላ በኩል እንዲህ በቀላሉ አይገባም። በቱቦው ውስጥ የቀረው ውሃ ከደም ስሩ ግፊት ጋር ሲመጣጠን ይቆማል፤ ደሙ ወደ ላይ የሚመጣውም ከዚያ የተነሳ ነው። ቱቦው ውስጥ ያለች ሚጢጢ አረፋም አዋቂን አትገድልም። አደጋው የሚመጣው አየር የሞላውን ቱቦ ሳታጸጂ አዲስ ከረጢት ሰክተሽ ስትከፍቺው ነው፤ ያኔ አንቺ ራስሽ ትገፊዋለሽ። ሕፃናት ላይና አንገት ወይም ደረት ላይ ባለ ሴንትራል መስመር (ትልቅ ደም ስር ውስጥ የገባ ቱቦ) ላይ ግን ትንሹም አረፋ አይናቅም። ሴንትራሉ ከተከፈተ ትንፋሽ ራሱ አየር ይስባል። አረፋ ካየሽ ክላምፑን ዝጊ፣ ቱቦውን ወጥረሽ በእስክሪብቶ መታ መታ አድርጊው፣ ወደ ቻምበሩ ይወጣል። ቻምበሩን ግማሽ ድረስ ሙሊው፤ አፉ ድረስ ከሞላ ጠብታ አይታይሽም፣ በጣም ከጎደለ አየር ይወርዳል።

ለኃላፊሽ የሚሆን መልስም ላዘጋጅልሽ። በከረጢቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ፕላስተር ለጥፊና በየሰዓቱ የት መድረስ እንዳለበት መስመር አስምሪ። በማርከር በቀጥታ ፕላስቲኩ ላይ አትጻፊ፣ ቀለሙ ሊያልፍ ይችላል። በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ፣ ጽዳት ሠራተኛዋም ጭምር፣ «ሲስተር፣ ይሄ ዘግይቷል» ይልሻል። ቻርቱ ላይ ደግሞ «ፍሉይድ እየሄደ ነው» ብለሽ አትለፊ። እንዲህ ጻፊው፦ ከምሽቱ 3፡00፣ ባለ 20 አይቪ ሴት፣ 42 ጠብታ። 3፡20፣ 28 ጠብታ፣ ክርን ታጥፎ ተገኘ፣ ተዘርግቶ 42 ተመለሰ፣ እብጠት የለም። 4፡00፣ 42 ጠብታ፣ ወደ 120 ሚሊ ሊትር ገብቷል፣ ክንዱ ደህና።